የረቡዕ ድስት

ብዙነሽ የምግብ ቤቷን ስም የሰማችው ከመሃል ከተማ ወደ ዌስትላንድስ በሚሄድ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቷ ከተቀመጡ ሁለት ወጣት ሴቶች አፍ ነው። የመሥሪያ ቤት መታወቂያቸውን ከአንገታቸው ያንጠለጠሉ፣ አንድ ስልክ ለሁለት ይዘው የሚያነቡ ልጆች ነበሩ። አንደኛዋ ድምፅዋን እንደ ዜና አንባቢ ጎርነን አድርጋ፣ «ቢዙ ኪችን ለዚያች እናት የመለሰላትን ስሚ» አለችና አነበበች፤ «ረቡዕ የጾም ቀን ነው። በጾም ቀን ቅቤ ወደ ወጥ ቤታችን አይገባም። ይልቅስ ማን እንደከፈለሽ ንገሪን።» ጓደኛዋ በሳቅ ተንከትክታ ግንባሯን ከፊቷ ባለው ወንበር ላይ አሳረፈች። ነገሩ ለተሳፋሪው አዲስ አልነበረም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ መልስ ጎደለኝ ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ማካንጋው፣ የመኪናው ረዳት፣ የሰበሰበውን ሒሳብ በጣቶቹ መካከል እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ «ምዜ፣ ማን ከፈለህ?» አላቸው። መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ ሽማግሌውም ሳቁ። ያልሳቀችው ብዙነሽ ብቻ ነበረች።

ቢዙ ኪችን የእሷ ነው። የአገሩ ሰው ብዙነሽ ማለት ሲያቅተው ያወጣላትን ስም ወድዳው በሩ ላይ በቀይ ቀለም አጽፋዋለች። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሁሉ ባልሰማች ነበር። ከቤቷ ከኢምባካሲ የምትወጣው በታናሽ ወንድሟ በበኃይሉ መኪና ነው፤ እሱ ሬዲዮኑን ይከፍታል፣ እሷ ዳዊቷን ትደግማለች፣ አንዱ ሌላውን ሳያስቀይም ዌስትላንድስ ይደርሳሉ። ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ የተላከላቸው በርበሬ አውሮፕላን ማረፊያው ዕቃ ክፍል ስለ ደረሰ በኃይሉ እዚያው ቀርቷል። እሷም ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ማታቱ እየቀያየረች፣ በሙዚቃው ብዛት የልቧን ምት መለየት እስኪያቅታት ድረስ ስትናጥ መጣች። የፌስቡኩን ነገር የሚያውቀው በኃይሉ ነው። ገጹን ሲከፍት «ይሄንን ለእኔ ተዪው፣ እታለም» ብሏት ነበር፤ እሷም እንደ መብራትና እንደ ውኃ ክፍያ ለእሱ ትታው በዚያው ረስታዋለች።

የመጀመሪያ ሐሳቧ ስለ እናቲቱ አልነበረም። «ምቀኛ ነው» አለች በልቧ። ምቀኛው መልክም አድራሻም ነበረው። ከመንገዱ ማዶ፣ ከእሷ በር ፊት ለፊት፣ ጃንጥላዎቹ ከእሷ ጃንጥላዎች የደመቁ፣ በያይነቱን ከእሷ በሃምሳ ሽልንግ አሳንሶ የሚሸጥ ዓለምሰገድ የሚባል ሰው አለ። በኃይሉ በገጹ ላይ ክፉ ቃል ባየ ቁጥር የሚጠራው ይህንን ስም ነው፤ ብዙነሽም ስሙ በተጠራ ቁጥር አንገቷን ትነቀንቃለች። አሁን ግን ዝም ብላ መቀመጥ አልሆነላትም። «የኔ ልጅ፣ እስቲ አሳዪኝ» አለች በስዋሂሊ፣ እጇን በወንበሩ ትከሻ አሾልካ። ልጅቷ ማንነቷን ሳታውቅ ስልኩን በትሕትና አቀበለቻት።

ፎቶው የሆስፒታል አልጋ ያሳያል። አልጋው ላይ አራት ዓመት የሚሆናት ሕፃን ተኝታለች፤ ዓይኖቿ አብጠው ተከድነዋል፣ ከንፈሮቿ የሌላ ሰው ከንፈሮች ይመስላሉ። ብዙነሽ ፊቱን ልታውቀው አልቻለችም። ያወቀችው በሹሩባው ጫፍ ላይ የተሰኩትን ቢጫ ዶቃዎች ነው። ኬንዲ ናት። በየረቡዑ ከእናቷ ጋር መጥታ መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ የምትይዘው፣ ሽሮውን በጣቷ እየጠረገች «ሾሾ፣ ጨምሪልኝ» የምትላት፣ በዚህ ከተማ ብዙነሽን አያቴ ብላ የጠራች ብቸኛ ፍጡር።

እናቲቱ መጀመሪያ የመጣችው በዐቢይ ጾም ነው። ልጇ ወተት የነካው ነገር ሁሉ እንደማይስማማት፣ ከቤት ውጭ አብልታት እንደማታውቅ ስትነግራት ብዙነሽ ደረቷን መትታ፣ «ረቡዕና ዓርብ ነይ። ረቡዕና ዓርብ ሰማይ ቢደፋ ቅቤ እዚህ ቤት አይገባም» አለቻት። እውነቷን ነበር። ያልነገረቻት፣ ለእሷ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደማለት ስለሆነ ልትነግራትም ያልታሰባት ነገር ቢኖር፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ሽሮውም ምስሩም ቅቤውን ያገኛል። ከትናንት በስቲያ፣ ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ረቡዕ፣ የሽሮውን ድስት ያወጣችው ብዙነሽ ራሷ ናት። ከረጅም ጾም የወጣ ሰው በሚያውቀው ደስታ አንድ ጭልፋ የተነጠረ ቅቤ ጣል አድርጋ፣ ሲንተከተክ መዓዛውን ስባ፣ «ለኬንዲ ከመሃሉ አውጡላት» ብላ አዘዘች። ቀኑ ለእናቲቱ ረቡዕ ነበር፤ ለብዙነሽ ግን ገና ፋሲካ።

«ከታች ደግሞ ሌላ አለ» አለች ልጅቷ፣ የብዙነሽን ትኩረት የመሳቅ ፍላጎት አድርጋ ቆጥራው፣ በጣቷ እየገፋች። አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቋል፤ «ዓርብ ለባልደረባችን ልደት ምሳ ልንመጣ ነው። ከመካከላችን ወተት እንደዚህች ልጅ የማይስማማው ሰው አለ። ሥጋት የለውም?» የቢዙ ኪችን መልስ ከሥሩ ተቀምጧል፤ «መቶ በመቶ። ዓርብም የጾም ቀን ነው። ካሪቡ፣ ኑልን።» ብዙነሽ መልሱን እያየች፣ የምታውቀውን ነገር ሰው እንዲያስተባብልላት የምትለምን በሚመስል ድምፅ፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ጠየቀች።

«ዓርብ ነው እንጂ፣ ማማ» አለች ልጅቷ እየሳቀች። «ፉራሂዴይ፣ የደስታ ቀን።»

ለወጥ ቤት ኃላፊው ለዘርይሁን ደወለች። አያነሳም፤ ሲሠራ ስልኩን ከካፖርቱ ጋር ሚስማር ላይ እንደሚሰቅል ታውቃለች፣ ራሷም ናት ያስለመደችው። ለወንድሟ ደወለች። በኃይሉ ከጀርባው የዕቃ ጋሪ እየተንኳኳ፣ ሰልፍ ላይ መሆኑን ነገራት። የኬንዲን እናት ምን ብሎ እንደመለሰላት ስትጠይቀው ማንን እንደምትል ለማስታወስ ጊዜ ወሰደበት። «እ፣ ያቺ። እሷንማ ብሎክ አድርጌያታለሁ፣ እታለም፤ አታስቢ። የዓለምሰገድ ሥራ ናት።»

«ረቡዕ ምሳህን ምን በላህ?» አለችው።

«ምን?»

«ረቡዕ። ምሳህን።»

በኃይሉ ጥያቄው ገባው። ክትፎ ነበር የበላው፤ በቅቤ የራሰ፣ በጎመን የታጀበ፣ ከመልስ መስጫው ስልክ አጠገብ አስቀምጦት። የጾም ቀን ነው ብሎ የለጠፈው ጣቱን በናፕኪን እየጠረገ እንደነበር ሁለቱም በአንድ ጊዜ አዩት። መልሱን የጻፈው በዐቢይ ጾም ነው፤ አንድ ፈረንጅ ምግባችሁ ቅቤ አለው ወይ ብሎ ሲጠይቀው አስቦና አሳምሮ አዘጋጅቶት፣ ከዚያ ወዲህ ለጠየቀም ለወቀሰም ሁሉ ያንኑ ይለጥፋል። «ማን እንደከፈለሽ ንገሪን» የምትለው ብቻ ናት ከንዴት የተጨመረችው። ብዙነሽ ስልኩን ዘጋችበት። ሙዚየም ሂል ላይ መንገዱ እንደ ልማዱ ተቆልፎ ነበር። ከማታቱ ወርዳ፣ የከተማ ሰው በክብር ሊራመድ ከሚችለው ፍጥነት ጥቂት በለጠ አድርጋ በእግሯ ተያያዘችው።

ቢዙ ኪችን ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ያለ፣ ግድግዳው ውኃ ሰማያዊ የተቀባ፣ ከባለ ሻይ ኪዮስኩ ጋር አንድ ግንብ የሚጋራ ጠባብ ቤት ነው። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ የበያይነቱን ዋጋ ስምንት መቶ ሽልንግ ይላል፤ ከሥሩ የጁስ ዋጋ ነበር፣ ማንጎ ስለ ተወደደ ተሰርዟል። ወደ ውስጥ ስትገባ የተቀበላት የቅቤው መዓዛ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ መዓዛ ውስጥ ስትገባ ሆዷ ይረጋ ነበር፤ ዛሬ ሰላምታ ሳትሰጥ ወደ ምድጃዎቹ አመራች። ዘርይሁን ቀና ብሎ አያትና «ምነው እትዬ፣ ውሻ ነው ያባረረዎት?» አላት።

«ቅቤ ያልገባበት የቱ ነው?»

«በሃምሳ?» አለ ዘርይሁን፣ ምስጋና እየጠበቀ። «ጎመኑ እንኳ አልቀረበትም።»

ነገረችው። ዘርይሁን ጭልፋውን አስቀምጦ ቆመና «ባለ ዶቃዋ?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ከዚያ እሳቱን አንድ በአንድ አጠፋ። ለሌላው ሰው የሚሆነው ወጥ ዳር ተይዞ ተከደነ፤ ጠረጴዛው በፈላ ውኃና በሳሙና ተፈተገ፤ ሽንኩርት እንደ አዲስ መከተፍ ጀመረ። ያስቸገራቸው ድስቱ ነበር። ዘርይሁን ትልቁን ድስት ገልብጦ ወደ አፍንጫዋ አቀረበላት። ታጥቦ ያበራል፣ ግን ጭረቱ ሁሉ ቅቤ ይሸታል። የሽሮ ሸክላዎቹማ ቅቤ ጠጥተው ያደጉ ናቸው። መሃል ከተማ ሄዶ አዲስ ገዝቶ ለመመለስ መንገዱ ማንንም አያሳልፍም፤ እንግዶቹ ደግሞ ለምሳ ይደርሳሉ። ብዙነሽ በበሩ መስታወት ማዶውን ስታይ ቆየች። ከዚያ ሽርጧን እንደታጠቀች መንገዱን ተሻገረች።

ዓለምሰገድ በሩ ላይ አበባ ያጠጣ ነበር። ሲያያት የውኃውን ጣሳ ከእጁ ለማውረድ ቸኮለ፤ ሁለት ዓመት ፊት ለፊት ሲሠሩ በበዓል ቀን ከሩቅ እጅ ከመነሣሣት በቀር ደጁን ረግጣለት አታውቅም።

«ዓለምሰገድ፣ ቅቤ ያልነካው ድስት አለህ?» አለችው።

ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ወደ ውስጥ ገብቶ፣ የዋጋ ወረቀቱ ገና ያልተላጠለት ሰፊ ድስት በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። «የልጅቷን ፎቶ ያየሁ ዕለት ሁለት ገዛሁ» አለ። «እኔም እኮ ሃምሳ ነው እያልኩ ስጨምር ነው የሰነበትኩት፣ እትዬ። ከእኔ ቤት ሳይደርስ ከእርስዎ ቤት ደረሰ እንጂ። ልደውልልዎት አስቤ፣ ምቀኛ ነው እንዳይሉኝ ተውኩት።»

ብዙነሽ አበው ምቀኛ አታሳጣኝ ሲሉ በነገር የሚናገሩ ይመስላት ነበር፤ እንዲህ ቃል በቃል ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና ድስቱን እንደ ሕፃን ታቅፋ ተመለሰች። የሞተር ብስክሌት ነጂዎቹ ሳይቀሩ አሳለፏት።

በኃይሉ የበርበሬውን ጆንያ ተሸክሞ ሲገባ እሷ ሽሮ እየበጠበጠች ነበር። የዕቃ ክፍሉን ኬላ ያሳለፈበትን ብልሃት ሊተርክ አፉን ከፈተና ድስቱን አየ፤ ድስቱ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አየ፤ ዘርይሁን ማዶ እንደሄደች ሲነግረው ጆንያውን በዝግታ አወረደ። «እታለም፣ እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ቀን ዝም ካሉት ይረሳል» አለ። «ጥፋታችን ነው ካልሽ ግን ተጽፎ ይቀራል። ደንበኛ ነው የሚጠፋው።» ክፋት አልነበረበትም። ሁልጊዜም ሌሎች ሲተኙ እያመሸ ለማያውቀው ሰው ሁሉ የሚመልሰው እሱ ነው፤ እህቱ ላይ የሚወረወር ድንጋይ እየመሰለው ነው እያንዳንዱን ቃል በደረቱ የሚቀበለው። ብዙነሽ ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህም ድምፅዋን አላነሳችም።

«መጀመሪያ ለከተማው ነው የጻፈችው ወይስ ለእኛ?» አለችው።

በኃይሉ የጆንያውን አፍ የሚያስተካክል መሰለ። «ለእኛ። በውስጥ መስመር። ከሆስፒታል።»

«አንተስ?»

«ያንኑ ለጠፍኩላት።»

ሽሮው ላይ አረፋ ተነሣ፤ ብዙነሽ ዝቅ አደረገችው። እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ «የከፋው ደንበኛ እኮ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው» አለች። «የጻፈችልን ልትመለስ ስለ ፈለገች ነው። ክፈተውና እኔ የምልህን ጻፍ።»

ተቀምጦ በመጀመሪያ እናቲቱን ከታገደችበት አወጣት። ብዙነሽ ቆማ በአማርኛ ስትናገር እሱ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ቅቤውን በእጇ የጨመረችው እሷ መሆኗን፣ ረቡዕና ዓርብ አይገባም ብላ ቃል ከሰጠች በኋላ በዓሉ ሲመጣ ቃሏን እንደረሳች፣ ወንድሟ የጻፈው መልስ ስህተትም ነውርም እንደነበር፣ የሆስፒታሉ ወጪ የእነሱ ዕዳ መሆኑን፣ ከዛሬ ጀምሮ ቅቤ የማይነካው ድስትና ጭልፋ ለብቻው መቀመጡን። «ነውር» የሚለው ላይ በኃይሉ ጣቱን አንሥቶ አየት አደረጋት። አልቀነሰችለትም። ጻፈው። ከዚያ ለልደቱ እንግዶች፣ የሰጠናችሁ ማረጋገጫ ትክክል አልነበረም የሚለውን ጨምሮ ላከው።

እንግዶቹ መጡ፣ ፊኛና ኬክ ይዘው። ወተት የማይስማማው ሰው ከሩቅ የሚታይ ቁመት ያለው፣ ለሳቅ የቸኮለ ሰው ነው። ብዙነሽ ከጠረጴዛው ራስ ቆማ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ድስቱ ሁሉ ቅቤ እንደነበረበት፣ አሁን በአዲስ ድስት ለብቻው እንደተሠራ፣ ሆኖም ወጥ ቤቱ አንድ ስለሆነ መማል እንደማትችል ነገረችው። ሰውየው ሳህኑን ጥቂት አይቶ ወደ ጎን ገፋውና ጥቁር ሻይ እንዲመጣለት ጠየቀ። ጓደኞቹ በሉ። ሲወጡ ጎንበስ ብሎ እጇን ጨበጣትና «ዛሬ አልደፈርኩም፣ ማማ» አላት። «ነገር ግን ባትነግሪኝ ኖሮ እበላ ነበር።» ብዙነሽ ወጥ ቤት ገብታ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። የቀረውን የአዲሱን ድስት ሽሮ ማንም አልጠየቀውም፤ ዘርይሁን ከእነ ድስቱ ከድኖ፣ የድስቱ ጆሮ ላይና የጭልፋው እጀታ ላይ ቀይ ክር አሠረ።

የኬንዲ እናት፣ ማማ ኬንዲ፣ የመጣችው ቢሮዎቹ ሠራተኞቻቸውን ወደ ጎዳናው በሚለቁበት ሰዓት ነው። ብቻዋን ነበረች። ብዙነሽ ሮጣ ልታቅፋት ተነሥታ፣ የሴትዮዋን ፊት ስታይ ባለችበት ቆመች። «ኬንዲ ደህና ናት» አለች ሴትዮዋ፣ ሳትጠየቅ። «ወጥ ቤቱን አሳዪኝ።» አሳየቻት። ሴትዮዋ ባለ ክሩን ጭልፋ አንሥታ ወደ ብርሃን አዞረችው፤ ክዳኑን ከፍታ ሽሮውን አሸተተች፤ ከዚያ የሌላውን ድስት ክዳን ከፍታ ያንንም አሸተተችና ልዩነቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀችው። ሁለቱንም ከደነቻቸው።

«‹ሾሾ ምን ሰጠችኝ?› ትለኛለች» አለች። «ምን ልበላት?»

ብዙነሽ ቀኑን ሙሉ ለዚህች ሴት የምትለውን ስትደረድር ውላለች፤ ይህ ጥያቄ ግን ከተደረደረው ውስጥ አልነበረም። «ሾሾ በበዓሏ ደስ ብሏት ረሳችሽ በያት» አለች። «እውነቱ እሱ ነው።»

በኃይሉ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ወጥቶ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። «ፖሌ፣ ይቅርታ፣ ማማ ኬንዲ» አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

ሴትዮዋ ዞራ አየችው። «‹ማን ከፈለሽ› ያልከኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማንም አልከፈለኝም» አለችው። «የከፈልኩት እኔ ነኝ። ለሆስፒታሉ።» በኃይሉ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ እሷ ግን ለዚያ እንዳልመጣች በመዳፏ ምልክት ሰጠችውና ቦርሳዋን አስተካክላ ወደ በሩ አመራች። ብዙነሽ እስከ ሰሌዳው ድረስ ሸኘቻት። ረቡዕ ትመጡ ይሆን ብላ መጠየቅ አልደፈረችም፤ ሴትዮዋ ግን የተጠየቀች ያህል ቆመች።

«እንመጣለን አላልኩም» አለች። መንገዱን እያየች ጥቂት ዘገየች። «ግን ድስቱን ለማንም እንዳትሰጪ።»

ብዙነሽ ከሰልፈኛው መኪና መካከል እስክትጠፋ ድረስ በዓይኗ ተከተለቻት። ወደ ውስጥ ስትመለስ ወንድሟ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ፣ የሚያዝዘው ሰው የሚፈልግ መስሎ ይጠብቃል። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ጠራችው።

«በኃይሉ፣ ማዶ ተሻገርና ለዓለምሰገድ ድስቱ እንደማይመለስ ንገረው።»

በኃይሉ ማዶውን አየ፤ ጃንጥላዎቹን፣ አበባውን፣ ደጃፉ ላይ የቆመውን ሰው። የሸሚዙን እጀታ ቁልፍ እንደ ሙሽራ አስተካከለ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ደርሶ መኪኖቹ እስኪያሳልፉት ሲጠብቅ ከኋላው ድምፅዋን ሰማ።

«ማን እንደከፈለው ግን እንዳትጠይቀው።»